ዲሲ አካባቢ ሽጉጥ ልትገዙ ላሰባችሁ ወገኖች

ኡበር የሚነዱም ሱቅ ያላቸውም ልጆች "ሽጉጥ ልግዛ እንዴ?" ማለት አብዝተዋል። እሱ እንደ ወረቀታችሁና እንደምትኖሩበት ስቴት ነው፣ ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቧት።

መጀመሪያ ወረቀት። ሲቲዝንና ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በቱሪስት ወይ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር (ለምሳሌ የአደን ፈቃድ ካለው) መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። አሳይለም ጠይቃችሁ የምትጠብቁ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታናግሩ እንዳትነኩት። ግሪን ካርድ ኖሯችሁም በመሣሪያ ጉዳይ ከተፈረደባችሁ ነገሩ በእስር ላያበቃ ይችላል፣ ዲፖርት ያስደርጋል። ሱቅ የምትሞሉት ፎርም 4473 ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እና ጫቱን "ባህላችን ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ላይ ነው የተቀመጠው። ፎርሙ ላይ መዋሸት እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። መግዛት ለማይፈቀድለት ዘመድ በስማችሁ መግዛትማ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት ነው።

ቀጥሎ ስቴቱ። ዲሲ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ ከልክላ ኖራ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄለር በሚባለው መዝገብ እገዳውን ሻረው፣ ግን አሁንም ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ይዞ ለመውጣት ደግሞ ሌላ ላይሰንስ ከነስልጠናው አለ። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት ራሱ አሻራና ስልጠና ያለበት ፈቃድ ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ቀለል ትላለች፣ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቨርጂኒያ ሽጉጥ ይዞ የመውጫ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሰራም! አሌክሳንድሪያ ተሳፋሪ ጭናችሁ ወደ ዩኒየን ስቴሽን ስትሄዱ፣ ወገባችሁ ላይ ያለው ሽጉጥ የ14ኛው ጎዳና ድልድይን ስትሻገሩ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ሆነ ማለት ነው። ኡበርና ሊፍትም በደንባቸው ይከለክላሉ፣ አካውንታችሁን ሊዘጉት ይችላሉ። የግድ ይዛችሁ የምታልፉ ከሆነ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ከኋላ ትራንክ ውስጥ ይሁን።

ራስን መከላከል ላይ ብዙ ሰው የሚያወራው የፊልም ነው። ለንብረት ብሎ ሰው መግደል ሶስቱም ጋ አይፈቀድም፣ ካሽ ሬጂስተሩን ይዞ የሚሮጥን ሌባ ከኋላው ከተኮሳችሁበት ተከሳሹ እናንተ ናችሁ። ሜሪላንድ ከቤታችሁ ውጪ ከሆናችሁ በሰላም መሸሽ እየቻላችሁ መተኮስ አይቻልም፣ ቨርጂኒያ ጠቡን እስካልጀመራችሁ የመሸሽ ግዴታ የለም፣ ዲሲ መሃል ላይ ናት፣ መሸሽ ትችሉ እንደነበር ዳኞቹ ሊያዩት ይችላሉ። የሆነ ሆኖ የሚመዘነው በዚያች ደቂቃ ለሕይወታችሁ የሚያሰጋ ነገር ነበር ወይ የሚለው ነው።

ሌቦቹስ ከየት ያመጣሉ? የፍትህ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2016 እስረኞችን ጠይቆ ነበር። ወንጀሉን ሲሰሩ መሣሪያ ከነበራቸው ውስጥ 43 በመቶው ከጎዳና ወይ ከጥቁር ገበያ፣ 25 በመቶው ከዘመድ ከጓደኛ ወይ በስጦታ፣ ከሱቅ ያገኙት ግን 10 በመቶ ገደማ ናቸው። ያ ጥቁር ገበያ አንዱ ቀለቡ ከመኪና የተሰረቀ ሽጉጥ ነው። ሌባ መስታወት ሰብሮ መጀመሪያ የሚከፍተው የዳሽቦርዱን ኪስ ነው፣ ከዚያ ወንበር ስር ይገባል፣ ሁለቱም ቦታ "ደብቄዋለሁ" የምንልባቸው ናቸው። ስለዚህ ለሊት መኪና ውስጥ አይደር፣ ቤትም ልጆች ካሉ በቁልፍ ሳጥን ይሁን። ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ከጠፋ ዲሲ ወዲያው፣ ቨርጂኒያ በ48 ሰዓት፣ ሜሪላንድ በ72 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለባችሁ።