ተሠርታ የወጣችው መኪና ስትመለስ፦ ጎንደር ላይ ጋራዥን ከምልክቱ የመለየት ዘዴ

ጎንደር ውስጥ ስለ ጋራዥ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የሰው ስም ነው፤ «እገሌ ጋ ውሰዳት፣ እጁ ጥሩ ነው» ይባላል። ምክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እጁ የቀና መካኒክ ሁሉ መንስኤውን ፈልጎ የሚያገኝ አይደለም፤ መንስኤውን የሚያገኝ ሆኖ ሒሳቡ የማይያዝም አለ። ስለዚህ መካኒኩ መኪናዋን ከድምፅዋና ከጭሷ ተነስቶ እንደሚመረምራት ሁሉ ባለመኪናውም ጋራዡን ከሚያሳየው ምልክት ተነስቶ ቢመረምረው ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ጊዜ የሚታዩት ምልክቶች፣ መንስኤዎቻቸውና ሊደረግ የሚገባው ነገር ናቸው።

ምልክት፦ ችግሩ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል

መኪናዋ «ሙቀት አለባት» ተብላ ትገባለች፣ ተሠርታ ትወጣለች፣ ከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ደህና ትሄዳለች፤ ከዚያ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትወጣ የሙቀት መለኪያው እንደገና ወደ ላይ ይወጣል።

የዚህ መንስኤ መካኒኩ ያከመው ምልክቱን ብቻ መሆኑ ነው፤ ዋነኛው ማሳያም ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ፣ ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መከፈት የሚጀምር ትንሽ በር ነው። ተጣብቆ አልከፈት ሲል ሞተር ያግላል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው በአዲስ መተካት ሆኖ ሳለ «እኛ አገር አያስፈልግም» ተብሎ ይወጣና ይጣላል። ከወጣ በኋላ መለኪያው ለጊዜው ስለሚወርድ ባለመኪናው አመስግኖ ይከፍላል። ሞተሩ ግን በጠዋት ብርድ በቂ ሙቀት ሳያገኝ እየሠራ ነዳጅ ይበላል፤ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ በሩ በሌለበት ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚዞር፣ ከባድ ዳገት ላይ ሙቀቱ ከበፊቱ ይብሳል።

ይህ በራሴ መኪና ላይ ደርሷል። አሮጌ ኮሮላዬ ዳገት ላይ ትሞቅ ነበር፤ ስቆም ደግሞ ውሃው በመጠባበቂያው ዕቃ በኩል እየፈላ ይገነፍላል። የመጀመሪያው ጋራዥ ቴርሞስታቱን አወጣ። ሁለተኛው ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቷልና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ አለኝ፤ በምን እንዳወቀ ስጠይቀው «ልምድ ነው» ከማለት በቀር የሚያሳየኝ ነገር አልነበረውም። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ መካኒክ ነበሩ፤ ኮፋኖውን ከመክፈታቸው በፊት «ልጄ፣ የምትሞቀው ቆመህ ነው ወይስ ዳገት ላይ?» ብለው ጠየቁኝ። ቆሞ የሚሞቅና ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራዲያተሩን የሚያራግበው ቬንትሌተር ነው፤ ዳገት ላይ ከሆነ ግን ውሃው፣ ራዲያተሩና ፓምፑ ናቸው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጣን፤ ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን አውጥተው ገለበጡና በውስጡ ያለውን ጎማ በጥፍራቸው ጫን አሉት። ጎማው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጠቀ። «ጋሼ፣ ይህቺ ናት እንዲህ ያስቸገረችኝ?» ብላቸው ምክንያቱን በዝርዝር አስረዱኝ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህም ከሞተሩ መደበኛ የሥራ ሙቀት ብዙም የራቀ አይደለም። ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ክዳኑ ምን ያህል ግፊት አፍኖ እንደሚይዝ የሚናገር ሲሆን፣ ግፊቱ ከተያዘ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። ጎማው ሲሰነጠቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ መኪናዋም እንደ ክፍት ድስት ትሆናለች። አዲስ ክዳንና አዲስ ቴርሞስታት ገብቶላት፣ በውሃ ፋንታ ኩላንት ተሞልቶላት፣ ከዚያ ወዲህ በሙቀት ምክንያት መንገድ ላይ አልቆመችም።

መፍትሔው እንግዲህ «ምክንያቱ ይህ መሆኑን በምን አወቅኸው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በዓይን ማየት ነው። ጓርኒሲዮን ተበልቷል ከተባለ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ሊታይ ይገባል፣ ወይም የዘይት መለኪያ ዘንጉ ሲወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ሊገኝ ይችላል፣ ወይም ነጭ ጭስ በማርሚታው ይወጣል፣ ወይም የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ግፊቱ ሲወርድ ይታያል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሊያሳይ የማይችል ሰው ቴስታታ እንዲያወርድ አይፍቀዱለት። ክዳኑን ራስዎ ሊፈትሹ ከሆነ ግን ሞተሩ በእርግጥ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ በግፊት የታፈነ ውሃ ፊት ያቃጥላል።

ምልክት፦ አንድ ነገር ይዘው ሄደው አምስት ይቀየር ይባላሉ

ኮብልስቶን ላይ የፊት እግሯ ይንኳኳል ብለው ይሄዳሉ፤ ሾኩም፣ ጆይንቱም፣ ቡሹም፣ ኩሽኔታውም አልቋል ይባላሉ። እዚህ ላይ ለመካኒኩም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ የጎንደር የውስጥ ለውስጥ መንገድ የእግር ሥራን አብሮ ስለሚጨርስ ዝርዝሩ እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት በማይሆንበት ጊዜ መንስኤው ወይ በግምት መሥራት ነው፣ ወይ መካኒኩ ከመለዋወጫ ሱቁ የሚያገኘው ኮሚሽን ነው።

የሚለየው በማየት ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ይጠረጠራል፤ በግራና በቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመሪው መገናኛ ነው። ረዳቱ ጎማውን ሲወዘውዝ እርስዎ ጎንበስ ብለው የትኛው ክፍል እንደሚንቀሳቀስ ይመልከቱ፤ የማይንቀሳቀሰውን ክፍል «ይህስ ለምን ይቀየራል?» ይበሉ። የፍሬን ሸራም እንዲሁ ነው፤ የፊት ዲስክ ሸራ አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት አለው፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው መቀየር አለበት፣ ይህንንም ጎማው ወልቆ በማስመሪያ መለካት ይቻላል።

የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይቀበሉ፤ ይህንንም ሥራው ሳይጀመር ይናገሩ፣ በኋላ ሲጠየቅ «ተጥሏል» ይባላልና። ዕቃውን ራስዎ ቢገዙ ኮሚሽኑ ይቀራል፤ ይሁን እንጂ ያልገጠመ ወይም አስመስለው የሠሩትን ዕቃ ከገዙ ኪሳራው የእርስዎ ነው፣ ጋራዡም ለሥራው ዋስትና ከመስጠት ያመልጣል። በእኔ አስተያየት የተሻለው መንገድ የእጅ ዋጋውንና የዕቃውን ዋጋ ለየብቻ መስማማት፣ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሁለት ሱቅ ዋጋ መጠየቅ፣ ከዚያም «ኦርጅናል» የሚለውን ቃል ከሻጩ አፍ ሳይሆን በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ነው።

ምልክት፦ የሞተር መብራቱ ይጠፋል፣ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይበራል

ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ሁሉ ይመረምራል ማለት አይደለም። ማሽኑ የብልሽቱን መለያ ኮድ ያነባል፣ በአንድ ቁልፍ ደግሞ ያጠፋዋል፤ ጠፍቶ የተመለሰ መብራት ብዙ ጊዜ የተደረገው ማጥፋቱ ብቻ እንደሆነ ይናገራል።

የኮዱን ቁጥር ጠይቀው ይጻፉት። ለምሳሌ ፒ0301 የሚለው ኮድ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል እንደማይቃጠል ያመለክታል፤ የትኛው ዕቃ እንደ ተበላሸ ግን አይናገርም። ካንዴላው፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ወይም ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ሊሆን ይችላል። ጠንቃቃ መካኒክ ምንም ሳያስገዛዎ የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ይለዋውጥና ይነዳል፤ ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ ካልተዛወረ ወደ ካንዴላው ይኬዳል። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይህን ሳያደርግ አራቱንም ኮይል ግዛ የሚል ሰው እየሞከረ ያለው በእርስዎ ገንዘብ ነው።

ምልክት፦ «ነገ ይደርሳል»

መኪናዋ ተፈትታ ሞተሯ በከረጢት ተሸፍኖ ሳምንታት ትቆማለች። አንዱ መንስኤ ጋራዡ ከአቅሙ በላይ መቀበሉ ነው፤ በተለይ ጥምቀት ሲቃረብ ሚኒባሱም የቤት መኪናውም ለእንግዳ ይዘጋጅ ተብሎ አንድ ላይ ይገባል። ሌላው ዕቃው ሳይገኝ መፍታት ነው። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለችና እዚህ የሌለ ዕቃ ተልኮ እስኪመጣ ቀናት ያስፈልጉታል።

ስለዚህ ምርመራው ካለቀ በኋላ፣ ዕቃው መኖሩ በስልክ ሳይረጋገጥ እንዳይፈታ ይስማሙ፤ መኪናዋም እየተነዳች መጠበቅ የምትችል ከሆነ ወደ ቤት ይመልሷት። ግቢው ውስጥ ከወራት በፊት የቆሙ፣ ጎማቸው የተነፈሰና አቧራ የለበሱ መኪኖች ከበዙ የእነሱን ታሪክ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ምልክት፦ ሒሳቡ ከተነገረው ይበልጣል

መንስኤው ስምምነቱ የቃል መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምን ይሠራል፣ የእጅ ስንት ነው፣ ሌላ ነገር ቢገኝ ሳይደወል አይነካም። የደረሰኙን ነገርም በዚሁ ጊዜ ይጨርሱት። «ያለ ደረሰኝ ይቀነስልዎት» ሲባል የሚቀረው 15 በመቶ ቫት ብቻ አይደለም፤ ሥራው በዚያ ጋራዥ መሠራቱን የሚያሳየው ማስረጃም አብሮ ይቀራል፣ በወሩ ችግሩ ቢመለስ «እኛ ጋ አልተሠራችም» ለሚል ሰው መልስ አይኖርዎትም።

ሲያስረክቡም ኪሎ ሜትሩን፣ የነዳጁን መለኪያ፣ የባትሪውን መለያ፣ የትርፍ ጎማውንና የክሪኩን ፎቶ ያንሱ። ይህን በጋራዡ ሰው ፊት ማድረግ ይሻላል፤ ቅር የሚለው ካለ እሱም አንድ ምልክት ነው።

ምልክት፦ ዘይቱ ተቀይሯል ይባላል፣ ግን ጥቁር ነው

የቤንዚን ሞተር ላይ በዕለቱ የተቀየረ ዘይት በዘንጉ ላይ ማር መስሎ መታየት አለበት፤ ናፍጣ ከሆነ ግን ወዲያው ስለሚጠቁር በዚህ አይፈረድም። ጣሳው በፊትዎ ይከፈት፣ አሮጌው ፊልትሮ ይታይ። ቀጭን ዘይት የሚጠይቀውን የቪትዝ ሞተር በልማድ ወፍራሙን መሙላትም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮፋኖው ሥር ወይም በመሙያው ክዳን ላይ የተጻፈውን አይቶ መግዛት ይበቃል።

ምልክት፦ ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አይጠይቅዎትም

ይህን መጨረሻ ያደረግሁት ሰዎች እንደ ምልክት ስለማይቆጥሩት ነው። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ቆላ ሙቀት ይጠብቀዋል፤ በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ደግሞ ረጅም ቁልቁለትና ጠመዝማዛ መንገድ አለበት። ለሁለቱ የሚደረገው ሰርቪስ አንድ ሊሆን አይገባም።

ሊማሊሞ ላይ ፍሬን ሲረገጥ እየለሰለሰ ወደ ወለሉ መውረድ ከጀመረ አንዱ መንስኤ የፍሬን ዘይቱ ማርጀቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የተባለው የተለመደ የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲገባበት እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ እግርዎ የሚረግጠው ሸራውን ሳይሆን አረፋውን ነው። ብዙ ጋራዥ የጎደለውን ሞልቶ ወይም ጥቂት አስተንፍሶ ይሸኛል። የሚያስፈልገው ግን አሮጌው በሙሉ ወጥቶ በአዲስ መተካቱ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ማድረግ በቂ ነው። ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት እንደ ጠላ ደፍርሶና ጠቁሮ ከታየ ጊዜውን ጨርሷል።

ሥራው ሲያልቅ መካኒኩን አጠገብዎ አስቀምጠው ወደ ጎሐ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት ወጥተው ይውረዱ። ዳገቱ ሙቀቱን ይፈትናል፣ ቁልቁለቱ ፍሬኑን፣ ኮብልስቶኑ እግሩን። ቀሪውን ሒሳብ የሚከፍሉት ከዚያ ሲመለሱ ነው።