«ከዚህ ምን ተማራችሁ?» እና ሌሎች የልጆችን አፍ የሚዘጉ ልማዶቻችን

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ልጆች ይሰበሰባሉ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ እናነባለን፤ ከዚያ ስለ መጽሐፉ የተሰማቸውን ይነግሩኛል። ይነግሩኛል የምለው ስለ አሁኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነግሩኝ እኔ መስማት የምፈልገውን ነበር። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው፤ የቀሩትን ከወላጆችና ከመምህራን አይቻለሁ።

«ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብሎ መጀመር

ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣነው ግልጽ ነው። ተረት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን፣ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እስኪባል ቁጭ ብለን፣ ምክሩን ተቀብለን ነው የምንነሣው። አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ በቴሌቪዥን ለ40 ዓመታት ገደማ ሲያጫውቱን ተረቱና ምክሩ አብረው ነበር የሚመጡት። ነውር የለበትም፤ ተረት አንዱ ሥራው መምከር ነው።

ችግሩ ጥያቄው ሐሳብ የሚጠይቅ መስሎ ትክክለኛ መልስ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። መልሱን ደግሞ ልጆቹ ገና መጽሐፉ ሳይከፈት ያውቁታል፦ «መታዘዝ ጥሩ ነው»፣ «መዋሸት መጥፎ ነው»፣ «መተባበር አለብን»። አንድ ቀን በመስኮት ዝናብ ስለምትመለከት ልጅ የሚናገር፣ ይህ ነው የሚባል ነገር የማይከሰትበት መጽሐፍ አነበብኩላቸው። እኔ በጣም የምወደው መጽሐፍ ነው። ጨርሼ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «ወላጆቻችንን ማክበር እንዳለብን ተምረናል፣ ቲቸር» አለኝ። (ቲቸር አይደለሁም፤ ግን መጽሐፍ ይዞ ፊታቸው የቆመ ሁሉ ቲቸር ነው።) መጽሐፉ ውስጥ አንድም ወላጅ የለም። ጥያቄውን የተውኩት ያን ዕለት ነው።

አሁን አንብቤ ስጨርስ «የቱን ገጽ ልመልስላችሁ?» ነው የምለው። ሁሉም ልጅ አንድ ገጽ አለው። አንዷ ያስፈራትን፣ አንዱ ያሳቀውን፣ ሌላው ያልገባውን ያስመልሰኛል። ገጹ ከተገለጠ በኋላ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ሥዕሉን እንደ ጌጥ መቁጠር

ትልልቆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ስናነብ ዓይናችን ፊደሉ ላይ ነው፤ ሥዕሉን ገጽ ስንገልጥ ገረፍ አድርገን እናልፈዋለን። የታሪኩ ግማሽ ያለው ግን እዚያ ነው። ብዙዎቹ ሥዕላዊ መጻሕፍት 32 ገጽ ናቸው። ቁጥሩ ከማተሚያ ቤት የመጣ ነው፤ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ስለሚሰጥ እንዲህ የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች አንድ መጽሐፍ ይሆናሉ። በዚያች ጠባብ ቦታ ጸሐፊው ያስቀረውን ሠዓሊው ይናገረዋል። ጽሑፉ «አያቴ ደህና ናት» ሲል ሥዕሉ አልጋዋ አጠገብ የተደረደረውን መድኃኒት ሊያሳይ ይችላል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መድኃኒቱን ያያል። ፊደል የቆጠርነው እኛ «ደህና ናት» ብለን ገጹን እንገልጣለን።

አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ «ይቺ ልጅ እዚህ ጋ ጫማ አላት፣ እዚህ ጋ የላትም። ማን ወሰደባት?» ብላ አስቆመችኝ። መጽሐፉን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አላየሁትም። እናቷ ከኋላ «ታሪኩን አዳምጪ እንጂ!» አለቻት። ልጆቹ ግን ጉዳዩን ያዙት። ግማሾቹ ሠዓሊው ረስቶ ነው አሉ፤ ግማሾቹ ወንዙን ስትሻገር አውልቃ ነው ብለው ወንዙ ያለበትን ገጽ አስፈለጉኝ። አንዱ «ወንዙ ጋም ጫማ አላት!» ብሎ የመጀመሪያዎቹን ደገፈ። አሥር ደቂቃ ተከራከሩ። እያንዳንዳቸው ማስረጃቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ ነበር፤ ይህን ከትልልቅ ሰዎች ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ አላገኘውም።

ስለ አገራችን በተሣሉ መጻሕፍት ላይ ደግሞ ዳኝነታቸው ይበረታል። በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት እናት በባህል ቀሚስ አምራ ተቀምጣ እንጀራ በሹካ ትበላለች። እኔ ቀለሙን እያደነቅሁ ሳለ አንድ ልጅ «ይህቺ እናት እንጀራ አታውቅም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን አላመኑትም፤ ጎጆውንም በሬውንም አንድ በአንድ መረመሩት።

ስለዚህ አሁን አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ መጀመሪያ አፌን ዘግቼ ገጹን ብቻ እገልጥላቸዋለሁ። ታሪኩን ከሥዕሉ ራሳቸው ይገምታሉ። ቀጥሎ ጽሑፉን ሳነብ «እንደዚህ አይደለም!» እያሉ ከጸሐፊው ጋር ይሟገታሉ። ይህ እንዲሆን መጽሐፉ ወደ እነሱ መዞር አለበት፤ የኋላዎቹ ካላዩት ደግሞ ቡድኑን ለሁለት መክፈል ነው። ለ20 ልጅ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ከሩቅ ማሳየት ምንም እንዳለማሳየት ነው።

«ለምን?» ብሎ ማፋጠጥ

በእኛ ቤት «ለምን?» የጥፋተኛ ጥያቄ ነው። «ለምን ደፋኸው?»፣ «ለምን አመሸሽ?» እየተባለ ያደገ ልጅ «ለምን ወደድከው?» ሲባል ያጠፋው ነገር ያለ ይመስለዋል። መልሱም የጥፋት ቀን መልስ ነው፦ «ዝም ብዬ»፣ ወይም «እኔ እንጃ»። እኔ ይህ የኛ አገር ጣጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ልጆች ስለ መጻሕፍት እንዴት እንደሚነጋገሩ ብዙ የጻፈው እንግሊዛዊው ኤይደን ቻምበርስም «ለምን» የሚለውን ቃል አስወግዶ «እስቲ ንገረኝ» በሚል እንዲተካ መክሯል።

እኔ የተጠቀምኩበት ምትክ ከሙዚየም የመጣ ነው። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ የናዋይንና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አቢጌል ሃውሰን ሰዎች በሥዕል ላይ እንዲወያዩ ባዘጋጁት ዘዴ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ሥዕሉ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው? ሌላስ ምን ይታያችኋል? መካከለኛዋ ለአማርኛ የተሠራች ይመስል አፍ ላይ ትቀላለች። «ምን አይተሽ ነው?» ስትባል ልጅቷ ወደ ገጹ ትሄዳለች። «ለምን?» ስትባል ግን ዓይኗ የሚሄደው ወደ እኔ ፊት ነው።

«ጎበዝ!» ለማለት መቸኮል

ልጅ ሐሳቡን ሲናገር ጮክ ብሎ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ማለት ደግነት ይመስላል። ቀጥሎ የሚሆነውን አስተውሉ፦ ከእሷ በኋላ እጃቸውን የሚያወጡት አምስቱም እሷ ያለችውን ይደግማሉ። ጭብጨባው ትክክለኛው መልስ የቱ እንደሆነ ነገራቸው። እኔ አሁን «እሺ» እልና ወደሚቀጥለው እዞራለሁ። መጀመሪያ ቅዝቃዜ መስሎ ይሰማል፤ ይለመዳል።

የዚሁ ስህተት ሌላው ገጽታ ዝምታ አለመቻል ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) እንዳሳዩት መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት ከ1 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። 3 ሰከንድ ምን አላት? ሞክሩት። 15 ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩአችሁ እንደ ሁዳዴ ትረዝማለች።

«አልወደድኩትም»ን እንደ ብልግና ማየት

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» በሚባልበት አገር የስድስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ሲነቅፍ ሰው ይደነግጣል። መጽሐፉ ከውጭ በእርዳታ የመጣ ከሆነ ደግሞ ባሰ። «በስጦታ የመጣ እኮ ነው፤ አመስግን!» ስትል አንዲት እናት ሰምቻለሁ። ልጁ አመሰገነ። ሐሳቡንም ይዞት ቀረ።

እኔ ከልጆቹ የተማርኩት አብዛኛውን ካልወደዱት መጽሐፍ ነው። ሐረር አያቶቹ ዘንድ ከርሞ የመጣ አንድ ልጅ ጅብ ሲሞኝና ሲታለል የሚያሳይ ተረት አንብቤ ስጨርስ ፊቱን አጨማደደ። «ጅብ እንደዚህ አይደለም። ሰው ሥጋ ሲሰጠው ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው» አለ። እዚያ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ አይቷል። ሌሎቹ አላመኑትም፤ እሱ እንጨት በአፉ ይዞ እንዴት እንደሚያበሉት በተግባር አሳያቸው። በተረታችን ውስጥ ጅብ ሁልጊዜ ሆዳምና ሞኝ መሆኑን ከዚያ በፊት አስቤበት አላውቅም ነበር። «ወደድከው?» ከማለት ይልቅ «ጸሐፊው እዚህ ቢመጣ ምን እንዲቀይር ትነግረዋለህ?» ማለት ነቀፌታውን ከይሉኝታ ነፃ ያወጣዋል።

ሐሳቡን ወደ ቋንቋ ፈተና መቀየር

እዚህ አዲስ አበባ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው አስተያየቱን በእንግሊዝኛ እንዲናገር ይጎተጉታሉ፤ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ፍሬ የሚታየው በዚያ ነው። በውጭ ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ በተገላቢጦሽ። ሜሪላንድ ያለችው የእህቴ ልጅ በቪዲዮ መጽሐፍ ስታሳየኝ እናቷ «በአማርኛ ንገሪያት!» አለቻት። ልጅቷ «ጥሩ ነው» አለች፤ አለቀ። «በፈለግሽው ንገሪኝ» ስላት በእንግሊዝኛ አምስት ደቂቃ ሙሉ አወራች፤ እናቱን ስላጣው ግልገል ስታስረዳኝ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር። «ያ በአማርኛ "አንጀቴን በላው" ይባላል» አልኳት። በሳምንቱ ስደውል ሌላ መጽሐፍ ይዛ «ይሄ አንጀቴን አልበላውም» አለችኝ። መጀመሪያ ሐሳቡ ይውጣ፤ ቃሉ ይደርሳል።

የመጽሐፍ እጦቱ ራሱ እውነት ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በብዙ ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ተደርድሮ የአማርኛ ግን እንደሌለ አይተው ነው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ሥዕላዊ መጽሐፍ ያሳተሙት፤ ኋላም አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት ያደረጉት። ባለ ሁለት ቋንቋ መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ ልጁ በየትኛው እንደሚያወራ እሱ ይምረጥ። እኔ ጋ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ አሉ፤ ሁላችንም እንግባባለን።

ስልክ ማውጣት

ስለዚህ ብዙ አልልም። ካሜራ ሲደቀን ልጅ ሐሳቡን ትቶ ድምፁን ያሳምራል፤ ያየው የቲክቶክ ልጅ እንደሚያወራው ያወራል። ከፈለጋችሁ የተናገሩትን በደብተር ጻፉላቸው። ያሉት ነገር ሲጻፍ ማየት በጣም ያስደስታቸዋል፤ ስትሳሳቱም ያርማሉ።

ፈጣኖቹን ብቻ መስማት

በየክፍሉ ሁለት ሦስት እጃቸው የማይወርድ ልጆች አሉ። ዝምተኛው መጀመሪያ ለጎረቤቱ በሹክሹክታ ይንገር፤ ጎረቤቱ ይናገርለት። ወይም ይሣል። ከመጽሐፉ ጎድሏል የሚለውን ገጽ እንዲሥል ሲነገረው ከተናጋሪዎቹ የበለጠ አስተያየት የሚሰጥ ልጅ አለኝ።

ሰምቶ ምንም አለማድረግ

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን መግለጽ ብቻ ሳይሆን ለሐሳቡ ተገቢው ክብደት እንዲሰጠው ይላል። ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ሲወራ ነው የሚጠቀሰው፤ እኔ ወደ መደርደሪያዬ አወረድኩት። ልጆች በየሳምንቱ ሐሳባቸውን ሰጥተው ምንም ካልተቀየረ፣ በአራተኛው ሳምንት የሚሰጡት ሐሳብ ለእናንተ ሲባል የተባለ ይሆናል።

ስለዚህ በወር አንዴ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ እጃቸው በሚደርስበት፣ የትኞቹ መጻሕፍት እንደሚቆዩ እነሱ ይወስናሉ። የሰለቻቸው ወደ ላይኛው ወጥቶ «ያርፋል»። ባለፈው ወር ያ ስለ ዝናብ የሚናገረው መጽሐፌ ተራ ደረሰው። ይቆይልኝ ብዬ ለመንኩ፤ በመስኮቱ ላይ ያለውን የጠብታ ሥዕል ገጽ በገጽ አሳየኋቸው። «ድምፅ እንስጥ» አሉኝ። 14 ለ3 ተሸነፍኩ። ያ «ወላጆቻችንን ማክበር» ያለኝ ልጅ ከሦስቱ አንዱ ነበር፤ ምን አይቶ እንደሆነ ብጠይቀው «ልጅቷ ትንፋሿ መስታወቱን ሲያጨልመው በጣቷ አጠፋችው» አለኝ። መጽሐፉ አሁን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሱን ለማውረድ ወንበር የሚያስፈልገው ያ ልጅ ነው፣ ወንበሩን የምይዝለት እኔ።