ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል ለምን ይሻግታል? ጅማ ላይ የማይለቁን ስህተቶች

የምሸጠው የእህል ከረጢት ነው። ባለ ሦስት ሽፋኑ፣ አየር የማያስገባው። ድሮ ደንበኛዬ ገበሬ ነበር። ከከርሳ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከሰቃ ለሐሙስ ገበያ ሲመጣ ጎራ ይላል። አሁን የከተማው ሰው በዝቷል። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የባጃጅ ሹፌሩ። ሁሉም ዜናውን ሰምቷል። የዓለም ሙቀት እየጨመረ ነው፣ ዝናቡ ተዛብቷል፣ እህል ሊወደድ ነው። “እስቲ ለቤቴ ሁለት ሦስት ኩንታል በቆሎ ላስቀምጥ” ይላል። ደግ አደረገ። እኔን የሚያበሽቀኝ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው።

“ጅማ ምን ይጎድላታል?” ማለት

አንድ ሐጂ አሉ፣ በመጡ ቁጥር ይህን ይሉኛል። “ልጄ፣ እዚህ አገር ዱላ ብትተክል ይበቅላል። ረሃብ የሌላ አገር ወሬ ነው።” አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም። በ2008ቱ የኤልኒኞ ድርቅ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲጠብቅ ጅማ አረንጓዴ ነበረች፣ እውነታቸውን ነው። ግን ችግሩ እኛ ጋ የሚገባው በዋጋ በኩል ነው። የካቲት 2014 ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ሲገቡ የዘይት ዋጋ እዚህ ምን እንደሆነ የማያስታውስ የለም። ሐምሌ 2015 ደግሞ ሕንድ የአገሯ ዋጋ ሲንርባት ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። የዓለም ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የዓለም የበቆሎ ምርት በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። ያ በቆሎ ሲቀንስ ሻጩ አጥብቆ ይይዛል፣ ገዢው ይሻማል፣ ዋጋው እኛ ድረስ ይመጣል።

ማሳውም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ኢትዮጵያ ገባ ሲባል መጀመሪያ የታየው ሸካ ነው። ሸካ ሩቅ አይደለም።

ሁሉን ነገር በቡና ላይ መጣል

“ቡናዬን ሸጬ በቆሎ እገዛለሁ።” ይህ ሲሠራ የኖረ ዘዴ ነው። ግን ቡናም ሙቀት አይወድም። በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና ላይመች ይችላል የሚል ጥናት ወጥቷል። ቡናው በተበላሸበት ዓመት በቆሎውም ከተወደደ በምን ልትገዙ ነው?

ይባስ ብሎ ጓሮ ያለውን እንሰትና ጎደሬ ነቅሎ ጫት የሚተክል አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። እንሰት እኮ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ነው። ዘንድሮ ካልቆረጣችሁት ለከርሞ አለ፤ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል። በቀላሉ ድርቅ አይጥለውም። ግን ለማደግ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። ለሚመጣው ክረምት የሚደርስላችሁ ጎደሬና ስኳር ድንች ነው፤ እንሰቱን አብራችሁ ትከሉ። ችግኝ ከጎረቤት ስትወስዱና ስትቆርጡ ቢላዋውን እሳት ላይ አቃጥሉት። የአጠውልግ በሽታ በቢላዋ ነው ከጓሮ ጓሮ የሚዞረው።

እርጥብ በቆሎ መክተት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

ታኅሣሥ ላይ ከረጢት የገዛኝ ሰው ሚያዝያ ላይ ይመለሳል። በፌስታል በቆሎ ቋጥሯል። “ከረጢትህ እህሌን አበላሸው!” ፌስታሉን ስፈታው የኮመጠጠ ሽታ ይቀድመኛል። ፍሬው ጫፉ ላይ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዱቄት ለብሷል።

“ስትከተው ደርቆ ነበር?”

“ደርቆ ነበር እንጂ!”

“በምን አወቅክ?”

“ነክሼው ቀጭ አለ።”

ሁሌም መልሱ ይኸው ነው። ነክሼው ቀጭ አለ። ወንድሜ፣ ጥርስ እርጥበት አይለካም! ቀጭ ያለው ፍሬ ውስጡ ገና ውኃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ የተሠራው ለነቀዝ ነው። ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ከዚያ መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ያልቅለታል። ከረጢቱ ግን እህል አያደርቅም። እንዲያውም አብሮ የገባውን እርጥበት አምቆ ይይዘዋል። እርጥብ በቆሎ ከታችሁ ስታስሩት ሻጋታ እያረባችሁ ነው።

ጅማ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ኮት እንኳ ይሻግታል። ድሬዳዋ ያለ ዘመድ በስልክ የነገራችሁ ዘዴ እዚህ አይሠራም። ዝናቡም መውጫውን ረስቷል። ጥቅምትና ኅዳር፣ በቆሎው ደርሶ ማሳ ላይ እንደቆመ ተመልሶ ይመጣል። ገበሬው እርጥቡን ይሸለቅቃል፣ ነጋዴው ይጭናል፣ እናንተ ትገዛላችሁ። ነጋዴውን “ደርቋል ወይ?” ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ምን እንዲላችሁ ፈለጋችሁ?

መለኪያው ኩሽና ውስጥ አለ። ጨው ነው። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ውስጡ የሚታይ። ጨዉን መጀመሪያ ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጉት፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። ይህን አትዝለሉ፤ የጅማ ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ውኃ ይስባል፣ ፈተናውንም ያሳስታል። የጠርሙሱን ሲሶ በቆሎ አድርጉበት። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከድናችሁ ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁትና ሩብ ሰዓት ተዉት። ጨዉ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ደህና ነው፤ ግን ለከረጢት 13 በመቶ ቢሆን ይመረጣልና ተጨማሪ ፀሐይ አትሠሥቱበት።

ስታሰጡ ባዶ መሬት ላይ አይሁን። ሻጋታው የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። አስፋልት ዳርም አይሁን። ሸራ ዘርጉ፣ ውፍረቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡ፣ ጤዛ ሳይወርድ ሰብስቡ። ከፀሐይ የተነሣ ትኩስ እህል ደግሞ ቀዝቅዞ ነው የሚከተተው። ከረጢቱን የምሸጠው እኔ ነኝ፤ ግን በቆሎው ካልደረቀ አትግዙኝ።

የምጮኸው ለበቆሎው ብቻ አይደለም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። መርዙ በዐይን አይታይም። ብትቀቅሉት አይጠፋም፣ ብትቆሉት አይጠፋም። ጉበት ነው የሚበላው። በ1996 ዓ.ም. ምሥራቅ ኬንያ ውስጥ ሰዎች እርጥብ በቆሎ ቤታቸው አከማችተው ያንኑ በሉ። 317 ሰው ታመመ፣ 125ቱ ሞቱ። እነዚያ ሰዎች እህል ነበራቸው።

“እንግዲያው የሻገተውን ለይቼ ለላሟ እሰጣለሁ” የምትለዋ እናት፣ መርዙ በወተቱ ተመልሶ ልጅሽ ጋ ይመጣል። “ለጠላ ይሆናል” የምትሉም ተዉት። ይጣል። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ።

የነቀዝ ክኒን መኝታ ቤት ውስጥ

አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለት ኩንታል በቆሎ ገዙ። ሌላ ቦታ ስለሌላቸው አልጋው ሥር ከተቱት። ከገበያ የገዙትን ክኒን በተራ ማዳበሪያ ውስጥ ጣል ጣል አደረጉበት። ሌሊት ሕፃኑ ያስመልሰው ጀመር። የበላው ነገር ነው አሉ። እነሱም ራሳቸውን ያማቸዋል። ጎረቤት ናት በሩ ላይ የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ ሸቷት ሁሉንም ጎትታ ያወጣቻቸው። ሆስፒታል ገብተው ተረፉ።

ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በተራ ማዳበሪያ ቀዳዳ ወጥቶ ክፍሉን ይሞላል፤ ከአየር ስለሚከብድም ወደ ታች፣ ወደ አልጋው አካባቢ ያደላል። ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ ክኒን አይገባም። አንድም ቢሆን። ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ቤቱን ጥላችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሆስፒታል። የአትክልት ፀረ ተባይ የምግብ በቆሎ ላይ የሚረጩትን በተመለከተ ምንም አልልም፤ ደሜ ይፈላል።

ሳያሰሉ መግዛት

ለሦስት ሰው አሥር ኩንታል ሊያስቀምጥ የመጣ አለ። ለስምንት ሰው ሃያ አምስት ኪሎ ገዝቶ ተዘጋጀሁ ያለም አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያዙ፤ በሴፍቲኔት የሚሰጠውም በዚሁ ልክ ነው። ለአምስት ሰው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ 225 ኪሎ። ጥራጥሬ ደግሞ ለአንድ ሰው በወር 4 ኪሎ፤ ለነዚሁ ሰዎች 60 ኪሎ ይሆናል። ጥራጥሬውን ሁሉም ይረሳዋል። በበቆሎ ብቻ የሚያድግ ልጅ የለም።

የቀሩት ባጭሩ

ዱቄት አታከማቹ፤ ሳይፈጭ ይቆይ። ከረጢቱን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ እንጨት ደርድሩበት፣ ከግድግዳ አርቁት። አይጥ አንዲት ቀዳዳ ካበጀችበት ከረጢቱ ከተራ ማዳበሪያ አይሻልም። ከአንድ ትልቅ ከረጢት በየቀኑ መጨለፍ አየር ማስገባት ነው፤ የሳምንቱን በሌላ ዕቃ አውጡ፣ የቀረውን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። እንደ ቢኤች-661 ያለውን ድቅል በቆሎ “ለዘር ይሆነኛል” ብላችሁ አታስቀምጡ፤ ሁለተኛ ሲዘራ ምርቱ ያሽቆለቁላል። ዘይት ከፀሐይ ይራቅ።

ጤፍ ያላችሁ ደግሞ አትጨነቁ። ነቀዝ ጤፍ ውስጥ መራባት አይችልም፣ ፍሬዋ ታንስበታለች። ደረቅ ትሁን እንጂ ለዓመታት ትቀመጣለች። ለጤፍ ከረጢት ሊገዛ የመጣን ሰው መልሼ አውቃለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ሐምሌ ላይ፣ ዋጋው ጣሪያ ነክቶ፣ ዶፉ እየወረደ፣ ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ይሆናል። ሁሉም ለክፉ ቀን ሊገዛ ነው። በዚያ ወቅት የተገዛ በቆሎ ውድ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ነቀዙም ውስጡ እንቁላል ጥሎ ጨርሷል። በቆሎ የሚገዛው ምርት ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ያኔ ርካሽ ነው፣ ፀሐይም አለ። ገበሬዎችም እባካችሁ፣ ያኔ ያላችሁን ሁሉ ሸጣችሁ ነሐሴ ላይ መልሳችሁ በውድ አትግዙ፤ የቤታችሁን አስቀርታችሁ ሽጡ። ከረጢቱን ግን አሁኑኑ መውሰድ ይቻላል። እሱ አይነቅዝም።