ጅማ ላይ በዝናብ ካሜራ መሸከም፦ እኔ እንዴት እንደፈታሁት

ጅማ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። ዝናቡ ሲጀምር ሁለት ነገር ያሰቃየኝ ነበር፣ ትከሻዬና እርጥበቱ። ሁለት ካሜራ፣ ሦስት ሌንስና ፍላሽ በአንድ ትከሻ አንጠልጥዬ ከሂርማታ ሰፈር ጅሬን እስካለው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ሙሽሮቹን ተከትዬ ስውል፣ ማታ አንገቴን ማዞር ያቅተኝ ነበር።

መጀመሪያ የተማሪ ቦርሳ ሞከርኩ። ዕቃው ሁሉ ወደ ታች ተንሸራቶ ሌንሶቹ ሲጋጩ ሰማሁና ተውኩት።

አሁን የያዝኩት የውስጥ መከፋፈያና የወገብ ቀበቶ ያለው የጀርባ ቦርሳ ነው። ቀበቶው ነው ዋናው! ዳሌ አጥንት ላይ ጠበቅ ስታደርጉት ክብደቱ ከትከሻ ይወርዳል። ከባዱን ሌንስ ወደ ጀርባዬ አስጠጋለሁ፣ ቀላል ቀላሉን ወደ ውጭ። ዚፑ የሚከፈተው ጀርባዬን በሚነካው በኩል ስለሆነ ገበያ መሃል ከኋላዬ ማንም አይከፍተውም።

እርጥበቱስ? የራሰውን ቦርሳ ዘግቼ አሳድር ነበር። አንድ ቀን ሌንሱን ወደ መብራት ሳዞረው መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ሻጋታ አየሁ። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን ቤት እንደገባሁ ሁሉንም አወጣለሁ፣ ቦርሳውን ከፍቼ አናፍሰዋለሁ፣ ሌንሶቹን ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጣለሁ (አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ናት)። የቦርሳውን የዝናብ ልባስም ሌሊት አወልቀዋለሁ፣ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሌላ ሻጋታ አላየሁም።