የአሮጌ ላፕቶፕ ኢንፍራሬድ ሊኑክስ ላይ እምቢ ሲል ሰው የሚሰራቸው ስህተቶች

ኢንፍራሬድ በዚህ ዘመን ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም፣ አሮጌ ኖኪያ ላይ የቀረ ስልክ ቁጥርና ቴክስት ማውጣት የፈለገ ሰው ግን ኬብሉን ከየት ያመጣል?

መጀመሪያ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) እዩ። አዲስ ኡቡንቱ ጭናችሁ "ኢርዳ የለም" (መሣሪያዎች በኢንፍራሬድ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው) እያላችሁ አትጨቃጨቁኝ፣ አዎ የለም! በ2018 እ.ኤ.አ. ከ4.17 ጀምሮ ከከርነሉ ወጥቷል። ዴቢያን 9 ከነ4.9 ከርነሉ ጫኑና ተገላገሉ።

ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ላይ ኢንፍራሬዱ ተዘግቶ እንዳይሆን። ይሄን መናገርም አልነበረብኝም።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። የኢንፍራሬዱን ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫነውን ድራይቨር) ሲጭኑት "ኖ ሰች ዲቫይስ" ይላቸዋል፣ ወዲያው ምን ያደርጋሉ? ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጭናሉ! አንዱ ልጅ ቲንክፓድ ይዞ መጣ፣ ዴቢያኑን ደጋግሞ ጭኖታል፣ ሃርድ ዲስክ ሁሉ ቀይሯል፣ ዲሜሴግን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ኮማንድ) ግን አንዴም ከፍቶ አላየም። ነገሩ እኮ ሌላ አይደለም፣ ከርነሉ ሲነሳ ኢንፍራሬዱ ተራ ሲሪያል ፖርት ይመስለውና ቲቲዋይኤስ1 ብሎ ይይዘዋል፣ አድራሻ 2ኤፍ8ን እና ኢንተራፕት 3ን ይዞ ቁጭ ስላለ የኢንፍራሬዱ ሞጁል ሲመጣ ቦታው ተይዟል። መጀመሪያ በሴትሲሪያል (የሲሪያል ፖርት ማስተካከያ ኮማንድ) የዛን ፖርት ዩአርት (የሲሪያል ቺፑን ዓይነት) "ነን"፣ ማለትም ምንም፣ ማድረግ፣ ከዛ ነው ሞጁሉ የሚጫነው፣ ቲንክፓድ ከሆነ ከዶንግል አይዲ (የኢንፍራሬድ መላኪያውን ዓይነት የሚነግር ቁጥር) 9 ጋር። የፖርቱ ቁጥር ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ዝም ብላችሁ የእኔን አትገልብጡ። ልጁ አንድ መስመር ጽፈን ሲሰራለት "ጋሼ ይሄው ነው?" አለኝ። ይሄው ነው!

ደግሞ ዩአርቱን ለቀው ሲያበቁ ለኢርአታች (ኢርዳን ከመሣሪያው ጋር የሚያያይዘው ኮማንድ) ተመልሰው ቲቲዋይኤስ1ን የሚሰጡ አሉ፣ እዚህ ጋ ኢርዳ0 (ሞጁሉ ሲጫን የሚፈጠረው መሣሪያ ስም) ነው የሚሰጠው። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ለቴክስት ብቻ ከሆነ የሞጁሉን 4 ሜጋቢት ፈጣን መንገድ መንካትም አያስፈልግም፣ ሲሪያሉን ሳትለቁ በቲቲዋይኤስ1 በኩል 115,200 ቢት በሰከንድ ከበቂ በላይ ነው።

ኢርአታች ምንም አላለም ማለት ሰራ ማለት አይደለም፣ ኢርዳደምፕን (በኢንፍራሬዱ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ኮማንድ) ክፈቱ። ኤክስአይዲ ኮማንድ ብቻ እየደጋገመ ከወጣ ላፕቶፑ ይጣራል ግን "አቤት" የሚለው የለም፣ ከስልኩ ሪስፖንስ የሚል መስመር እስኪመጣ ጠብቁ። ኮማንዱም ከሌለ ኢርአታችን ሰረዝ ኤስ (ጥሪውን የሚያስጀምረውን ምርጫ) ሳትጨምሩ አስነስታችሁታል።

ብርሃኑ መውጣቱን በስልክ ካሜራ ማየት ይቻላል፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። የኋላው ካሜራ ብዙ ጊዜ ስለሚያጣራው በፊተኛው ሞክሩ፣ ካሜራው ማየት መቻሉን ደግሞ አስቀድማችሁ በቲቪ ሪሞት አረጋግጡ። ሪሞቱ ግን ለካሜራው ብቻ ነው፣ እሱ 38 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለሚሰራ ከኢርዳ ጋር አይግባባም።

ኖኪያው ላይ ኢንፍራሬዱን ከሜኑ ማብራት አለባችሁ፣ የሚያናግረው ሲያጣ ደግሞ ራሱ ያጠፋዋል፣ እናንተ ኮማንድ ስትጽፉ እሱ ተኝቷል። ስለዚህ ላፕቶፑን አዘጋጅታችሁ ጨርሱና መጨረሻ ላይ አብሩት፣ ፊት ለፊት አስቀምጡት፣ ከ1 ሜትር አይራቅ፣ ፀሐይ ከገባም መጋረጃውን ዝጉ።