የጽጌረዳዬ ጥቁር ነጠብጣብ እንዴት ለቀቀ

አራት ኪሎ ያለው ግቢያችን ውስጥ ክረምት በገባ ቁጥር ጽጌረዳዎቹ ቅጠላቸው ይራገፍ ነበር። ዘንድሮ ተገላገልኩ፤ ለቸገረው ይሁን ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ በሽታውን መለየት ነው። ጠርዙ የተበጣጠሰ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ፣ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ እየረገፈ ከሄደ ብላክ ስፖት የሚሉት ፈንገስ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ሌላ ነው። ቅጠሉ ሲገለበጥ ብርቱካናማ ብናኝ ከታየ ደግሞ ዋግ ነው።

ይሄ ፈንገስ ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ካልቆየለት አይዘውም። የሐምሌን ዝናብ ማስቆም አይቻልም፣ ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ስለዚህ መሃል ላይ የተጠላለፉትን ቅርንጫፎች ቆርጬ አየር አስገባሁ። የረገፈውን ቅጠል አንድም ሳላስቀር ለቅሜ ከግቢ አስወጣሁት፣ ምክንያቱም ፈንገሱ የሚከርመው እዚያ ላይ ነው፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ወደ ላይ ይረጫል። አፈሩን በደረቅ ሣር ሸፈንኩት። በበጋ ውሃው በጠዋት፣ ከግንዱ ሥር ብቻ፤ ቅጠሉን በጎማ ማጠብ የለም። ዘበኛችን ይሄን ለመቀበል ትንሽ አንገራግሯል።

ከዚያ ማንኮዜብ የሚባለውን የፈንገስ መከላከያ መድኃኒት ረጨሁ፣ መያዣው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ጓንትና ማስክ አድርጌ። መድኃኒቱ የታመመውን አያድንም፣ አዲሱን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ የቅጠሉን ሆድ ጭምር ማዳረስ ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ ለዚህኛው እኔ አልመክርም።

አዲሱ ቅጠል ንጹህ ሆኖ ወጥቷል። ታች ላይ አልፎ አልፎ ነጠብጣብ ካየሁ ቅጠሉን ቆንጥሬ እጥላለሁ።