የአያትን ረጅም ዕድሜ በወረቀት ማስቀመጥ፦ ከየት ይጀመራል?

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። በቀብሯ ዕለት የተነበበላት የሕይወት ታሪክ ግማሽ ገጽ ነው። ጎንደር ተወለደች፣ ትዳር ያዘች፣ ሰባት ልጆች ወለደች፣ በ88 ዓመቷ አረፈች። አለቀ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌሊት፣ በለቅሶ መሀል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጎረቤቶቿ ስለሷ ሲያወሩ ስሰማ ሆዴ ተላወሰ፤ አብሬያት ያደግኩ ሰው የሚያወሩትን ግማሹን እንኳ አላውቀውም። ለሙት ዓመቷ ግን 28 ገጽ አደረስነው። እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ። የእናንተ አያት በሕይወት ካለች ደግሞ ሳታሳድሩ ጀምሩት።

መጀመሪያ ዕድሜዋን አጣሩ። መታወቂያ ላይ ያለውን ቀን አትመኑ፣ በተለይ መስከረም 1 የሚል ከሆነ። የእምዬ መታወቂያ መስከረም 1 ቀን 1926 ይላል፤ በግምት የተሞላ ነው። እሷ ግን በሕይወቷ ሙሉ ሦስት ነገር ትል ነበር፤ እናቴ በቃሏ ታውቃቸዋለች። «በዘመነ ማቴዎስ ተወለድኩ፣ ለኅዳር ሚካኤል ክርስትና ተነሳሁ፣ ጣልያን ሲገባ የፊት ጥርሴ ወላቃ ነበር።» ይሄ ከመታወቂያ ይበልጣል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጣልያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ነው። ጥርስ የሚወልቀው በስድስት በሰባት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ከ1920 እስከ 1922 ባለው ውስጥ ነች። አሁን የዓመቱን ወንጌላዊ ፈልጉ። በዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1921 ሲደመር 7421 ይሆናል፣ ለአራት ሲካፈል 1 ይቀራል። ማቴዎስ! ወሩን ደግሞ ክርስትናዋ ይነግራችኋል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው፤ ከኅዳር 12 ወደ ኋላ 80 ቀን ስንቆጥር ነሐሴ መጨረሻ ላይ አረፍን። እምዬ የተወለደችው በነሐሴ 1921 ነው። በጥር 2014 ስታርፍ 92 ዓመቷ ነበር። አራት ዓመት ሰርቀናት ነበር ማለት ነው።

የልጆቿንም ልደት በዚሁ መንገድ አውጡት። ጣልያን ከጎንደር የለቀቀው በኅዳር 1934 ነው፣ የመሬት አዋጅ የካቲት 1967፣ መሠረተ ትምህርት 1971፣ ትልቁ ድርቅ 1977። «ያኔ እርጉዝ ነበረች»፣ «ያኔ አጎትህ ይድህ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም።

ቀጥሎ ጥያቄው ነው። «ሕይወትሽ እንዴት ነበር?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። «ምን ሕይወት አለ ልጄ፣ ተመስገን ነው» ትላችሁና ያበቃል። ዕቃ ይዛችሁ ጠይቁ። አሮጌ መሶብ፣ እንዝርት፣ የተሰነጠቀ ጀበና፣ ፎቶ። እኛ የእምዬን ሙዳይ ከፍተን አንዲት ማርትሬዛ፣ የድሮ የብር ገንዘብ፣ አገኘን፤ በአንድ በኩል የደረበች ሴትዮ፣ በጀርባዋ ባለሁለት ራስ ንስር፣ ጠርዟ በእጅ ብዛት የለሰለሰ። 1780 የሚል አለባት። የአጎቴ ልጅ ከቅድመ አያት ቅድመ አያት የመጣች መሰለው፣ ግን 1780 በፈረንጅ አቆጣጠር ገንዘቧ ላይ ያለችው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የሚወጣው። ለዕድሜ አትጠቅምም። ለወሬ ግን ወርቅ ነች። ትልቋ አክስቴ እጇ ላይ ስታደርጋት «ይቺማ ከጥሎሿ የቀረች ናት፣ አምስቱን በክፉ ቀን ሸጠች» አለች፤ ከዚያ የክፉውን ቀን ታሪክ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራችን።

አያታችሁ ካለች እጇ ሥራ ሲይዝ ጠይቋት። ጥጥ ስትፈትል፣ ሽሮ ስትለቅም። ቡና ላይ ከሆነ አቦሉን ተዉት፣ እሱ የጤናና የጎረቤት ነው፤ ቶና ላይ ነው ሰው የሚከፈተው። የምትቀዱበትን ስልክ ከረከቦቱ አጠገብ አታስቀምጡ፣ የሲኒ ኳኳታ ድምጿን ይውጠዋል። በታጠፈ ነጠላ ላይ አድርጋችሁ ወደሷ አስጠጉት፣ ጥሪ እንዳይገባበት አድርጉት፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ማታውኑ ወደ ፍላሽም ወደ ቴሌግራምም ገልብጡት። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥም ይወድቃል።

አሁን ከባዱ። «ስንት ልጅ ወለድሽ?» እና «ስንት ልጅ አሳደግሽ?» ሁለት ጥያቄ ነው። እኛ ሰባት ብለን ነበር የጻፍነው። የንስሐ አባቷ ዘጠኝ አሉን። ሁለቱ በሕፃንነታቸው ያረፉ ናቸው፣ ስማቸውን የሚያውቅ ከቤት ሰው አንድ እንኳ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ያውቁታል፣ በየዓመቱ ታስጠራቸው ነበርና። አሁን ስማቸው ገጽ 9 ላይ አለ። በልጅነት መዳርም፣ በቀይ ሽብር የሄደ ወንድምም እንዲሁ ነው። ጎንደር ውስጥ በቀይ ሽብር ሰው ያልጎደለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። አያታችሁ ስታወራ እጇ ካቆመ መቅጃውን አጥፉ፣ ዝም በሉ፣ ሌላ ቀን ራሷ ታነሳዋለች ወይም አታነሳውም። ያልሰጠችውን አትውሰዱባት።

አያታችሁ ካረፈች ከዘመድ በፊት ጓደኞቿ ጋ ሂዱ። የጽዋ ማኅበሯ፣ የእድሯ፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይሸጡ የነበሩት። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ቡናና ስኳር ያዙ። ትሄድበት የነበረውን መንገድ ደግሞ በእግራችሁ ሂዱት። እኔ ከቤቷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ ሄድኩ፤ እምዬ የምታርፍበትን ድንጋይ ያሳዩኝ በር ላይ የሚቀመጡ አንዲት እማሆይ ናቸው። ድንጋዩን ፎቶ አንስቼ አስገባሁት።

ስትጽፉ ቋንቋዋን አታቃኑባት። «ወላቃ» ካለች «ወላቃ» ብላችሁ ጻፉ። አክስትና አጎት ከተጣሉበት ሁለቱንም አስገቡ፣ ማን እንዳለው ብቻ ይታወቅ። ዓለማዊ ስሟን ከክርስትና ስሟ ጋር ጻፉት፤ ለጸሎት የሚጠራው የክርስትናው ነው። ሳይታተም በፊት ለቤተሰቡ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ብዙ ስህተት ያኔ ይወጣል።

ከኋላ አራት ባዶ ገጽ ተዉ። ይሄን እኔ በአጋጣሚ ነው ያደረግኩት። ሙት ዓመቷ ላይ ከተበላ ከተጠጣ በኋላ አንዲት የማኅበር ጓደኛዋ መጽሐፉን አገላብጠው ለልጅ ልጃቸው እስክሪብቶ ሰጧት። «ጻፊ» አሏት። «ከቀሃ ውኃ ስንቀዳ እንስራዬን የምታሸክመኝ እሷ ነበረች። እሷን ማን ያሸክማት እንደነበር ግን አላስታውስም።» ገጽ 29 ላይ ነው።